የአክስቴ ጣሳዎች

አክስቴ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የዩኒቨርሲቲ የወንዶች ዶርም አጽድታለች። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ከእሷ ጋር ነበር የምኖረው፤ የዚያን ሕንጻ ወሬ ከትምህርቴ አብልጬ በቃሌ አውቀው ነበር። ዛሬ ልጄን አስተኝቼ ልብስ ሳጥፍ፣ ያ የሳሙናና የሲጋራ ጭስ የተቀላቀለበት የጋወኗ ሽታ አንዳንዴ ውል ይለኛል። የሲጋራ ሽታ ይናፍቃል ብትሉኝ ያኔ እኔም አላምናችሁም ነበር።

ሕንጻው ባለ አራት ፎቅ ነው። "ማጨስ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት በየግድግዳው ተለጥፏል። ሲጨስ ያየ ሠራተኛ ለአስተዳዳሪው መናገር አለበት። አክስቴ ግን ተናግራ አታውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ቁራጩን መታጠቢያ ቤት እየጣሉ ቱቦው ይደፈንና ውኃው ደረጃ ለደረጃ ይወርድ ነበር። ሦስቴ በእጇ ጎርጉራ አወጣችው። አራተኛው ላይ መረራት። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ለቃቅማ፣ አሸዋ ሞልታ፣ በየደረጃው መታጠፊያና በየኮሪደሩ አስቀመጠች።

"የእናንተን ነገር እግዜር ይየው፤ ቱቦዬን ግን አትንኩብኝ!"

ከዚያ ወዲያ ቱቦ የሚባል ተደፍኖ አያውቅም።

ጣሳዎቹን ጠዋት ጠዋት ስትደፋ የልጆቹን ኑሮ ታነብበት ነበር ማለት ይቻላል። "ዛሬ ሒሳብ ተፈትነዋል መሰለኝ፤ ሁለተኛ ፎቅ ነድዷል" እያለች ትገባለች። ማን ከሴት ጓደኛው እንደተጣላ ሳይቀር ታውቃለች።

አንድ ዓመት፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር የጤና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚሁ ነገር ላይ አደረገ፤ በሕንጻው ውስጥ ስንት ተማሪ ያጨሳል በሚል። ከወረቀቱ ስለማይለይ ጓደኞቹ "መጠይቅ" የሚል ስም አወጡለት። መጠይቁን በየክፍሉ አደለ፤ እንዲሰበስብለት ደግሞ ፕሮክተሩን ለመነ። ፕሮክተሩ ማለት እንግዲህ ያጨሰውን ከዶርም የሚያስወጣው ሰውዬ ነው።

ልጁ ውጤቱን ይዞ እየፈነጠዘ ደረጃ ላይ አገኛት።

"እትዬ፣ ከመቶ አሥራ ሁለት ሰው የሚያጨሰው አራት ብቻ ነው! ደስ አይልም?"

አክስቴ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ሳቀች።

"አራት? ይሄ ሁሉ የአራት ሰው ነው?" አለችው፣ ጣሳውን እያሳየችው። "ሳንባቸው የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ነው እንዴ የኔ ልጅ? ለመሆኑ ማን ሰበሰበልህ?"

"ፕሮክተሩ።"

"እሱስ ምን ብሎ ሞላ?"

"አጭሼ አላውቅም ብሎ።"

"በል ና፣ የእሱ በር ጋ ያለችውን ጣሳ ላሳይህ።"

ልጁ እዚያው ደረጃው ላይ ዘጭ አለ። ማስረከቢያው አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ውሸት ጽፎ መመረቅ ደግሞ አልዋጥለት አለ። እንደገና ቢያድልስ ማን ደፍሮ እውነቱን ይጽፍለታል?

አክስቴን ግን ልጆቹ ያምኗታል፤ እሷ ብትሰበስብ እውነቱን ይጽፋሉ። ይህን እሱም እሷም ያውቃሉ። ችግሩ፣ ልጁ ወረቀቱን ማን እንደሰበሰበና ልጆቹ ለምን እንዳመኗት ጽሑፉ ላይ ማስፈር ነበረበት። ያ ከሰፈረ ጣሳዎቹ ይታወቃሉ፤ ይህን ሁሉ ዓመት አይታ እንዳላየች መሆኗም ይታወቃል። ከሥራ ሊያስወጣት ይችላል።

"ይቅርብሽ አክስቴ፤ እንጀራሽ ነው" አልኳት ቤት ስትገባ።

ጫማዋን እያወለቀች፣

"አንደኛ ፎቅ አዲስ ገቢዎቹ ናቸው" አለችኝ። "ሲመጡ ጣሳቸው ባዶ ነው። ዓመቱ ሲጋመስ ይሞላል። እኔ ቱቦዬን አዳንኩ ብዬ ስኮራ..."

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጣሳ አጥባ፣ ክዳኑን በቢላ ሰንጥቃ ይዛ ሄደች።

"ስም የለም" አለቻቸው በየክፍሉ እየገባች። "ጻፉ፣ እጠፉ፣ እዚህ ክተቱ። ፕሮክተሩ አይነካውም፤ እኔም አላየውም።"

"እትዬ፣ እርስዎም ይሙሉ እንጂ!" አለ አንዱ ከላይኛው አልጋ። "የኛን ጭስ ስንት ዓመት ሲምጉ ኖረው!"

"እኔማ ያለ ክብሪት ነው የማጨሰው፤ ከሁላችሁም እበልጣለሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወረቀቱም ገባ።

የሚያጨሱት አርባ አንድ ሆኑ። ከአርባ አንዱ ሠላሳው የጀመሩት እዚሁ ሕንጻ ውስጥ ነበር። ከወረቀቶቹ ጀርባ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው የጻፉ ነበሩ፤ "መተው እፈልጋለሁ፤ ለማን ልንገር?" የሚል ሰባት ቦታ ተገኘ። መጠይቅ የተባለው ልጅ ይህን ሲያነብላት እንባዋ መጣ።

ጽሑፉ አለፈ፤ አክስቴም አስተዳዳሪው ዘንድ ተጠራች።

"ጣሳዎቹን ማን አስቀመጠ?"

"እኔ።"

"ክልክል መሆኑን አታውቂም?"

"አውቃለሁ፣ ጌታዬ። እርስዎም ደረጃውን ሲወጡ ሽታውን ያውቁታል።"

አላባረራትም። ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወራት። በዚያው ወር ክሊኒኩ ውስጥ ማጨስ ለመተው የሚፈልጉትን የምታነጋግር ነርስ ተመደበች፤ ሰባቱ ሰው አገኙ ማለት ነው።

አዲሱን ቦታ ግን አልወደደችውም። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ ሁሉ በሥርዓቱ ነው፤ ጠርሙስ የሚያንከባልል፣ ከበረንዳ "እትዬ!" ብሎ የሚጮህ የለም። የመጀመሪያው ቀን ወልውላ ሳትጨርስ፣ ሁለት የሦስተኛ ፎቅ ልጆች በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። በሦስት ዓመት ውስጥ እዚያ ቤት እግራቸው ረግጦ አያውቅም።

"ምን ልታደርጉ መጣችሁ?"

"መጽሐፍ ልንዋስ።"

"የቱን?"

አንዱ የሌላውን ፊት አየ። ከዚያ ረዥሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ከትናንት ወዲህ አላጨስኩም፣ እትዬ። ላሳውቅዎት ብዬ ነው" አለ።

"ተቀመጥ በል" አለችው ወንበር እየሳበች። "እዚህ እስካለህ ድረስማ አታጨስም።"