ጉድፍ ያቆየን ሴቶች

የተያዝኩት ሳዑዲ፣ ከኒስፍ አልቀመር የባሕር ዳርቻ ስንመለስ ነው። ዕለቱ አርብ ነበር፤ አራት ሴቶች እዚያ ውለን በአንድ መኪና ወደ ደማም እየተመለስን ነው። ጫማችን አሸዋ ሞልቶታል፣ እኔ ጭኔ ላይ የተረፈ ሳምቡሳ ይዣለሁ። ፖሊሱ አስቁሞ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ኢቃማ፣ ሲጠይቅ የሦስቱ ደህና ሆነ። እኔን ግን አሠሪዬ፣ ካፊሌ፣ ራካ ሰፈር ካለው ቤቱ ከወጣሁ በኋላ፣ ሁሩብ አስመዝግቦብኛል፤ ጠፍታለች ብሎ አመልክቶብኛል ማለት ነው። "ውረጂ" አለኝ። ሳምቡሳውን ለጓደኞቼ ልሰጥ ስል፣ "ያዢው፣ እዚያ ይርብሻል" አለ። ያለው አልቀረም።

ያስገቡኝ ክፍል ረጅም ነው። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ተሸጉጧል፣ ፍራሾቹ ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፣ የወለል ማጽጃው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ሃያ ገደማ የአገሬ ሴቶች ነበሩ። ሳምቡሳውን ቆራርሰን ለሁሉም አዳረስነው። ስም ለመጠየቅ ማንም አልቸኮለም፤ የሐይቋ፣ የባቲዋ፣ የከሚሴዋ እየተባባልን የምንጠራራው በመጣንበት ከተማ ነበር። እኔን ግን በዕድሜ ስለምበልጣቸው እቴቴ አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ጠባቂዋ ዝርዝር ይዛ መጣች። ኹሩጃችን፣ የመውጫ ቪዛችን፣ ወጥቷል፤ እሑድ ሁላችንም በአንድ አውሮፕላን እንሄዳለን። ክፍሉ ሰርግ ቤት መሰለ። አንዷ ልብሷን ታጥባለች፣ ሌላዋ ትዘፍናለች፣ የቀሩት ፀጉር ይሠራራሉ። ከሁሉም የበለጠ የተደሰተችው የሐይቋ ናት። የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ባሏ ቀደም ብሎ ተይዞ አገር ገብቷል፤ ሆዷ ከዚህ ከገፋ ደግሞ አውሮፕላን አያሳፍራትም ብለዋታል።

የባቲዋ ልጅ ግን ፀጉሯን አላስነካም አለች። በየመን በኩል በእግሯ የመጣች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። "ራሴን ያመኛል፣ እቴቴ" አለችኝ። ግንባሯን ብነካው ይፋጃል። ከጆሮዋ ኋላ፣ አንገቷ ላይ፣ ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ ነጠብጣቦች አየሁ። አንዳንዶቹ ገና ቀይ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ፈክተዋል።

ማወቅ አላቃተኝም። ልጅ ሆኜ ወጥቶብኛል። ራካ ሳለሁ ደግሞ የአሠሪዬ ሚስት፣ የማዳም፣ ሦስት ልጆች ተራ በተራ ታመው፣ ኮበር ሆስፒታል ስናመላልሳቸው አቅፌ የምይዛቸው እኔ ነበርኩ። ጥፍራቸውን አሳጥሬያለሁ፣ እንዳያኩት ማታ ማታ ካልሲ እጃቸው ላይ አጥልቄያለሁ።

"ጉድፍ ነው" አልኩ።

ዘፈኑ ቆመ።

"ዝም በይ!" አለች የከሚሴዋ። ቁመቷ ረጅም፣ ድምጿ ከቁመቷ የረዘመ ሴት ናት። "ይህን ከሰሙ አንዳችንም አንሳፈርም። ሻሽ እንሰርላት፣ በሁለት ቀን ውስጥ ማን ያያታል?"

እኔ ያየሁት የሐይቋን ነበር። "አንቺ፣ ጉድፍ ወጥቶብሽ ያውቃል?"

"እንጃ። እናቴ ወጥቶብሻል ብላኝ አታውቅም።"

የኮበሩ ሐኪም ያኔ ማዳምን ያስጠነቀቃትን ነገርኳቸው። ጉድፍ ያልወጣባት እርጉዝ ከታማሚ ጋር መቀመጥ የለባትም፤ ለእናትም ለፅንስም ያሰጋል። ተቀምጣ ከተገኘችም የሚረዳ መርፌ አለ፤ ግን ቶሎ መሰጠት አለበት።

ጭቅጭቁ ተነሣ። "ወላሂ ሌላ ወር እዚህ ከቆየሁ አብዳለሁ" የምትል አለች። "ልጁስ?" የምትል አለች። የሐይቋ ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች፤ ከመርፌውና ከአውሮፕላኑ የቱን እንደምትመርጥ ጨንቋታል። እኔም፣ እውነት ለመናገር፣ ልቤ እሑድ እሑድ ይል ነበር።

ያን ጊዜ የባቲዋ ተነሣች። ትንገዳገዳለች። ጫማዋን አውልቃ በሩን ትደበድበው ጀመር።

"በእኔ የተነሣ የሰው ልጅ አይጎዳም" አለች፤ ፊቷን ወደኛ ሳትመልስ።

ጠባቂዋ መጣች። በበሩ መስኮት አጮልቃ፣ "ሐሳሲያ ነው፤ ሙቀት ነው። ማፊ ሙሽኪላ" አለች፤ አለርጂ ነው፣ ችግር የለውም ማለቷ ነው።

"ሐሳሲያ አይደለም። አንገዝ ነው" አልኳት። እነሱ ጉድፍን እንዲያ ነው የሚሉት።

ያቺ ግዙፍ ጠባቂ ወደ ኋላ እንዴት እንደዘለለች! ከኮሪደሩ ማዶ ሆና፣ የፊት መሸፈኛዋን አፏ ላይ ይዛ፣ "እኔስ? በልጅነቴ ካልወጣብኝስ?" ትለኛለች።

"እናትሽ ጋ ደውዪ" አልኳት።

እዚያው ቆማ ደወለች። ከዚያ ፊቷ ፈካ። "ወጥቶብኛል! አልሐምዱሊላህ!" ብላ ስትጮኽ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ስታለቅስ የነበረችው የሐይቋ ሳትቀር።

በማግስቱ ሱዳናዊ ሐኪም መጣ። የባቲዋን ፊትና ክንድ አይቶ አረጋገጠ። የሚዋጥ መድኃኒትና ሮዝ ቀለም ያለው የሚቀባ ፈሳሽ ሰጣት፤ የሐይቋን ያንኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል አስወሰዳት። ደሟ ሲመረመር በእርግጥም ወጥቶባት አያውቅም። መርፌውን ወጓትና ሌላ ክፍል አቆዩዋት። በክፍላችን በር ሥር ተኝቼ "ደህና ነሽ?" ስላት፣ ከወዲያ "አብሽሪ እቴቴ፣ ይራገጣል!" ትለኛለች።

እሑድ አልሄድንም። እንደፈራነውም ለሳምንታት ቆየን። የባቲዋን ጥፍር በጠባቂዋ መቁረጫ ቆረጥኩላት፣ ካልሲ አጠለቅኩላት፣ ፈሳሹን እየቀባኋት ሮዝ አደረግኳት። ደርቆላት ስትነሣ ደግሞ ጉድፉ ማንን ያዘ? የከሚሴዋን! "ሻሽ እንሰርልሽ?" እያሉ አሳቋት፤ እያከከች፣ እየተሳደበች፣ እሷም ትስቃለች። ያስታመመቻት የባቲዋ ናት። አንድም ቂም አልያዘችባትም።

ከመሳፈራችን በፊት ሐኪሙ የከሚሴዋ ቁስል መድረቁን ማየት ነበረበት። ጠባቂዋ ኮሪደር ላይ አቆመቻትና፣ "ጀርባሽን ግለጪ፣ ቶሎ" አለች። ኮሪደሩ ላይ ሻንጣ የሚመዝኑ ሁለት ወንዶች ቆመዋል። ያች ድምፀ ትልቅ ሴት ልብሷን በሁለት እጇ አንገቷ ላይ ጨምድዳ ያዘች።

"ሐኪሙ ይያት። ኮሪደሩ ግን አያያትም" አልኩ።

"አውሮፕላኑ ያመልጣችኋል!"

"ያምልጠን" አለች የባቲዋ።

ማንም ማንንም አላዘዘም። አባያችንን አውልቀን፣ በቤት ልብሳችን፣ በዙሪያዋ ክብ ሠርተን ቆምን። ፊታችንን ወደ ውጭ አዙረን፣ አባያዎቹን እስከ ዓይናችን ከፍ አድርገን ዘረጋን። ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶ ጠበቀን፤ "ጨርሰናል፣ ግባ" ስንለው ገባ። ወንዶቹ ራሳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ክንዳችን ዛለ፤ አንዲትም አላወረደች። በመጨረሻ ከውስጥ "ኸላስ፣ ደርቋል" ሲል ሰማነው።

አሁን ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ሰዎች ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ እንባ ይጠብቃሉ። እንባም ነበረ፤ እኔ ግን ከጉድፉ እጀምርላቸዋለሁ። የሐይቋ ሐኪሙ በጻፈላት ወረቀት አብራን ተሳፍራ፣ አገር ገብታ በደህና ተገላግላለች፤ ልጅቷ ትሮጣለች፣ ትሳደባለችም ይሉኛል። የከሚሴዋ ባለፈው ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ግንባሯ ላይ የቀረችውን አንዲት ጠባሳ አሳየችኝ። "ሐኪም ቤት ቅባት አለ፣ ትጠፋለች አሉኝ" አለች።

"ታዲያ ለምን አትቀቢም?"

"ለምን ትጥፋ?" አለችኝ።