የካርዱ ቀኝ ጥግ

በቤተ መጻሕፍቱ ያሉ ሠራተኞች ሁሉ «ደራሲው» ይሉታል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በአሽሙር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ልብ ወለድ ሲጽፍ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባላል? እርግጥ ከምዕራፍ ሁለት ፈቀቅ አላለም። ለመጻፍ የሚያስፈልገው ግን ሁሉ ነገር አለው፤ ይሄን ጠላቱም አይክደውም። ስለ አጻጻፍ የተጻፉ መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ፣ መዝገበ ቃላትና የተረትና ምሳሌ ጥራዞች በሌላው፣ የተቀረጹ እርሳሶች በጣሳ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ካርዶቹ አሉ።

ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ሲገባለት የድሮው የካርድ ማውጫ ካቢኔ ሊጣል ነበር። እሱ ለምኖ አስፈቀደና አሥራ ሁለት መሳቢያውን ከነካርዱ ቤቱ አስገባው። ሚስቱ «አልጋውን እናውጣለት እንዴ?» ብላው ነበር። በካርዶቹ ጀርባ ላይ በአውቶቡስ፣ በወረፋ፣ በሐኪም ቤት ኮሪደር የሰማውን ጥሩ አነጋገር ሁሉ ይጽፋል። እንጀራው መጽሐፍ መመዝገብ ነውና አመል ሆኖበት፣ ቃሉን ማን እንደተናገረው በቀኝ ጥግ ከታች ያሰፍራል፤ «ቀለም ቀቢ»፣ «ትኬት ቆራጭ»፣ «አክስቴ» እያለ። በጣም ከወደደው ቀይ ኮከብ ይሥልበታል። ከዚያ ሐዘን፣ ሐሜት፣ እርጅና እያለ በየመሳቢያው ይከታል። ከከተተ በኋላ ዞር ብሎ አያያቸውም። ለምን ቢሉት «ጊዜው ሲደርስ» ነው መልሱ።

ታናሽ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ መጽሐፍ ትዘረጋና ገጹን በመቀስ ተጭና ታነባለች። መጽሐፉን የምትዋሰው በእሱ ስም ሲሆን፣ ስትመልሰው የገጹ ዳር በጠመኔ ነጥቶ፣ አንዳንዴም ምልክት ያደረገችበት ስፒል ውስጡ ተረስቶ ነው። አንድ ጊዜ ጣቱን ወግቶት ሳምንት ሙሉ አኩርፏታል። ከቀላል ወደ ከባድ በተራ ቁጥር የንባብ ዝርዝር ሠርቶላት ነበር፤ እሷ ከመሃል ጀመረችው።

አምና አንድ ቀን የልብስ ልክ በምታወጣበት ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እንዲህ ሞካክሬ ነበር፤ ታይልኛለህ?»

«ልብ ወለድ ሱሪ ማሳጠር መሰለሽ?» አላትና ሳያነበው መለሰላት። «መጀመሪያ መቶ መጽሐፍ አንብቢ።»

እሷም ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

ዘንድሮ ወርኃዊው የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ለቤተ መጻሕፍቱ ሲደርስ ማኅተም ሊመታበት ገለጠው። የመጀመሪያው ታሪክ የእህቱ ነው። ከግርጌው የመጽሔቱ አዘጋጅ «የደራሲዋ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል በቅርቡ በእኛ አሳታሚነት ይወጣል» ብሏል። ደራሲዋ! ማኅተሙን የመታው በራሱ አውራ ጣት ላይ ነው። ስልክ ደውሎ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት፤ ከአንገት በላይ ነው እንጂ አንጀቱስ አርሯል። እሱ ሲማስን ዕድሜው አልቆ፣ እሷ በቁልፍና በዘርፍ መሃል ደራሲ ትሁን? ምሳም አልበላ አለው።

ታሪኩን ስህተት ፍለጋ አነበበው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ እንዲህ የሚል አገኘ፦ «አባታችን ከሄደ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶናል፤ ማን ያጥብብልን?» ይቺን ቃል ያውቃታል። ካርዶቹ ውስጥ አለች፤ ያውም ባለ ቀይ ኮከብ። እህቱ ደግሞ እሑድ እሑድ እየመጣች የምትቀመጠው ካቢኔው ሥር ነው። እጅ ከፍንጅ ያዝኳት አለ። ከዚያች መጽሔት ወዲህ ልቡ በደስታ ሲሞላ ይሄ የመጀመሪያው ነበር።

ለአዘጋጁ ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ እህቱ ከግል ማኅደሩ መስረቋን የሚገልጽ፣ ነገሩ ተጣርቶ እስኪታወቅ መጽሐፏ እንዳይታተም የሚጠይቅ። እጁ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም። ፖስታ ውስጥ ከተተው፤ የቀረው ማስረጃውን ካርድ ማያያዝ ነው።

«እህትህ እኮ ናት» አለችው ሚስቱ።

«ሌባም ወንድም ይኖራታል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኛ ሰው ለብቻው ሁለቱንም ሆኖ ተገኘ። ሐዘን የሚለውን መሳቢያ ስቦ ካርዱን አወጣ። የራሱ ጽሕፈት ነው፤ ኮከቡም አለ። በቀኝ ጥግ ከታች «እህቴ፤ አባባ በተቀበረ ማግስት» ይላል።

መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሐሜትን ሳበ፦ «እሷ ምስጢር አትደብቅም፤ ታሳድጋለች።» እህቴ። እርጅናን ሳበ፦ «እርጅና እንግዳ መስሎኝ ወንበር ሰጠሁት።» እህቴ። ኮከብ ካላቸው ካርዶች ከግማሽ በላይ ጥጋቸው ላይ እሷ አለች። በፊት የቀናው በዕድሏ ነበር፤ አሁን በአፏ ቀና፤ ይሄኛው ደግሞ ባሰበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ካርዶቹን በላስቲክ አስሮ ሱቋ ሄደ። የሰው ሸሚዝ እያጠበበች፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ አገኛት። እያገላበጠች ስታያቸው ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፋችና ሳቀች።

«ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ ያልኩት?»

«ጥጉን እዪው።»

«እኔ እኮ ረስቼዋለሁ።» የአባቷ ካርድ ላይ ስትደርስ ግን ሳቋ ቀረ። «ይቺን አልረሳኋትም። የአባባን ካፖርት እያጠፍኩ ነው ያልኩት። ቀና ስል አንተ የለህም። ወጥተህ ለብቻህ ልታለቅስ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ደራሲው የስፌት መኪናውን ጎማ ያይ ጀመር። «ስጽፍ ነበር» አለ።

እህቱ ስፒሎቹን አንድ በአንድ የመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰካች። «እኔማ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጽናናሁት፣ ወንድሜም አብሮኝ አልቅሷል ብዬ ነው።»

ይሄን ስትል፣ አመል አይለቅ፣ እጁ ባዶ ካርድ ፍለጋ ኪሱ ገባ። ለአዘጋጁ ያልላከውን ፖስታ ነካ። አወጣውና አራት ቦታ ቀዶ የጨርቅ ቁርጥራጭ የምትጥልበት ቅርጫት ውስጥ ጨመረው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልብ ወለድ» አለ አፍሮ። «በሃያ ስድስት ዓመት የጨረስኩት እሱን ብቻ ነው።»

ዓይኗ እንባ እንዳዘለ አየችው፤ ቅርጫቱንም አየች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ የገባት ይመስለኛል። «ይቺን ቃልህን እወስዳታለሁ» አለች።

ባዶ ካርድ ከኪሱ አውጥቶ አቀበላት። «ጥጉን አትርሺ» አላት።