የሐሙሱ አልቡሚን

ባልደረቦቿ «እሳቷ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን አይደፍሩም። ልብ ተከፍቶ ሲጠገን በልብና በሳንባ ፈንታ ደም የሚያዞረውን ማሽን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ማሽኑ ከበሽተኛው ጋር ከመገናኘቱ በፊት ቱቦዎቹ በፈሳሽ መሞላት አለባቸው፤ በምን እንደሚሞሉ የምትመርጠውም እሷው ናት። በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

የዚያን ቀን ጠዋት ተራው የደረሳት ጭብጥ የማትሞላ ሕፃን ነበረች። ማሽኑ የሚይዘው ፈሳሽ በልጅቷ ገላ ካለው ደም አይተናነስም። ተራውን የጨው ፈሳሽ ብቻ ሞልተው ቢያገናኟት ደሟ ይቀጥናል፤ ውሃውም ከደም ሥሯ እየሾለከ ሰውነቷን ያሳብጠዋል። ስለዚህ ደም ይጨመራል፤ ውሃውን ደም ሥር ውስጥ የሚይዘው አልቡሚንም ይጨመራል። ደሙን አባትየው ሰጥቷል። አልቡሚኑን ፍለጋ ወደ መድኃኒት ክፍል ወረደች።

«አልቋል» አላት ፋርማሲስቱ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ! ማን ጠጣው?»

«ያለው እንኳ... የተያዘ ነው። ለሐሙስ በሽተኛ።»

ቱግ አለች። ይህችን «የተያዘ ነው» የምትባል ነገር ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ዘመድ ላለው ይያዝለታል፤ ለሌለው «አልቋል» ይባላል። ስንቱ ወላጅ እንዲህ ተብሎ እንደተመለሰ ቤት ይቁጠረው! ፋርማሲስቱን ገፋ አድርጋ ማቀዝቀዣውን ከፈተችና ጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበች።

የአባቷ ስም ነበር።

ሐሙስ ልባቸው የሚከፈተው አባቷ፣ ኩላሊታቸውም ደከም ያለው አባቷ። ያስያዘው ወንድሟ ነው፤ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ። ለእሷ ትንፍሽ አላለም፤ ጠባይዋን ያውቀዋላ! አልቡሚኑ ለአባባም ደግ እንደሆነ ታውቃለች። አዋቂ ሰው ያለ እሱም እንደሚወጣው፣ ሕፃኗ ግን እንደማትችለው ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ጠርሙሶቹን አቅፋ ስትወጣ ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ፋርማሲስቱ ደውሎለት ነው።

«አብደሻል እንዴ? የአባባ ነው እኮ!»

«የአባባ የሚባል መድኃኒት የለም! በስማቸው እንዲህ ስትሠራ ትንሽ አታፍርም?»

«እሺ፣ ሐሙስ አንድ ነገር ቢሆኑ ለእማዬ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ!»

«እነግራታለሁ። የዚህች ልጅ እናት ደግሞ ያቻትልህ፣ በሩ ላይ ቆማለች። ለእሷ አንተ ትነግርልኛለህ?»

ወንድሟ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። በትከሻዋ ገፍታው አለፈች።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሰቅላ ከፈተችው። ፈሳሹ ወደ ማሽኑ መውረድ ጀመረ፤ አንዴ ከገባ የሚመለስ ነገር አይደለም። ወንድሟን ያን ቀን ጠላችው። ለአባቷ ፈራች። አየር እንዳይቀር ቱቦውን መታ መታ እያደረገች ሞላችው።