ቆሮሶዎቹ ያልወጡበት ጠዋት

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ከዓሣ ገንዳዬ ዳር ቆሜ የሳህኑን ጠርዝ በማንኪያ አንኳኳሁ፤ ዓሦቹ ግን ቶሎ አልመጡም። ሌላ ሰው ቢሆን ውኃው ቀዝቅዞ ነው ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ወደ ግቢው በር ዞሬ አየሁ።

በደርግ ጊዜ እናቴ ፋጡማ እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን በግቢያችን የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ከአለማያ ሐይቅ በጀሪካን ወደ ድሬዳዋ የመጡ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶችን ታረባ ነበር። በአረንጓዴው ውኃቸው ቃሪያና ሰላጣ ታጠጣለች፤ ከቤት የተረፈውን ቀፊራ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች። የድሬ ፀሐይ ዓሣውን እንዳትቀቅልብን የገንዳው ግማሽ በቆርቆሮ ተሸፍኗል። ሳህን አንኳኩታ ፉርሽካ ስትበትን ዓሦቹ እየተጋፉ ይወጣሉ። ደንበኞቻችን ይህን ሳያዩ አይገዙም ነበር።

አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ሰፈራችን ለአፈሳ ተከበበ። ወንድሜ አሕመድ ለውትድርና ደርሶ ነበር። ከሰፈራችን ተወስደው ሁርሶ ማሠልጠኛ ከገቡት ልጆች ያንዳቸውም ወሬ አልተሰማም። በራችን ሲደበደብ እናቴ ክንዱን ይዛ ወደ ገንዳው ገፋችው፤ እስከ አንገቱ ሰጥሞ ጭንቅላቱን ከቆርቆሮው ሥር ደበቀ።

ሁለት ወታደሮች ገቡ። የሚመራቸው የቀበሌው ጥበቃ ከድር ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ከእኛ ዓሣ የሚገዛ ጎረቤታችን። ወታደሮቹ ቤት ውስጥ ሲፈትሹ እሱ ወደ ገንዳው ሄደ። ከልማድ ይሁን ከጥርጣሬ እስካሁን አላውቅም፣ ሳህኑን አንስቶ አንኳኳ።

አንድም ዓሣ አልወጣም። ሰው ገብቶባቸው ደንግጠው ከታች ተሸሽገዋል።

«ፋጡማ፣ ዓሦችሽ ጾም ያዙ እንዴ?» አለ፣ ዓይኑን ከውኃው ሳይነቅል።

አንደኛው ወታደር ከቤት ወጥቶ፣ «እዚያ ምን አለ?» አለ።

«ምን ይኖራል አቦ፣ ሙቀቱ ነው። ዓሣ ሲሞቀው ታች ይተኛል። ኑ እንሂድ» አለ ከድር።

ፀሐይ ገና ግቢያችን አልደረሰችም፤ እኔ ከብርዱ ሻርፕ ደርቤ ነበር።

በቀጣዩ ዓርብ እናቴ ትልቁን ቆሮሶ መርጣ ሰጠችው። እሱም እንደ ወትሮው የተመረቀለት ቃሪያ አነሰ ብሎ አጉረመረመ። ስለዚያ ጠዋት ግን ሁለቱም እስኪሞቱ አላነሱም።

አሕመድ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ዓሣ ግን አይቀምስም፤ «እግሬን ሲነካኩኝ የነበረውን አልረሳም» ይላል። እኔ ይኸው አረባለሁ፤ ያሳደገኝ ገንዳ ነውና ልተወው አልቻልኩም፣ ፍርሃቱም አልተወኝም። ዛሬ ዓሦቹ ሲዘገዩ ማንም እንደሌለ እያወቅሁ ሄጄ የግቢውን በር ቆለፍኩ። ከዚያ በኋላ ነው ቆርቆሮውን ገለጥ አድርጌ ያየሁት።