ባለ አምስት ቅጠሉ ማገጥ

ያ ሣር ከየትኛው ጨፌ ታጭዶ መጣ? ይህን ራሴን ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ ዛሬም መልስ የለኝም። የቀረው ሁሉ በደንብ ትዝ ይለኛል።

የያዙኝ ጎሬ ላይ ነው፤ ወደ መቱ በሚመለስ የጭነት መኪና ልሳፈር ስል። ሁለቱ ፖሊሶች ክፉዎች አልነበሩም። አንደኛው ከባድ መስሎት ቦርሳዬን ተሸከመልኝ። ውስጡ አንድ ደብተርና በጋዜጣ መሐል የተጫነ ሣር ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት የዳሪሙ ጭሰኞች ከባለርስቱ ጋር ተጣልተው ነበርና ያሳደማቸው ሰው ይፈለጋል። እኔ ደግሞ የመቱ አስተማሪ ሆኜ ሳለ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ደብተር ይዤ የዳሪሙን የእግር መንገድ ስመላለስ እታይ ነበር። የምፈልገው ማገጥ ነው ብል ማን ያምነኛል? ማገጥ፣ ባገሩ ቋንቋ ስዲሳ፣ ከብት የሚወደው ባለ ሦስት ቅጠል የጨፌ ሣር ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እርስ በርሱም ስለሚመሳሰል ሰው ሁሉን አንድ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ አንዱን ከሌላው አጥብቄ እየለየሁ ስለሆነ ምንም ነገር እንዲህ ማለፍ አይሆንልኝም።

መቱ ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ ጎተራ ኖሮ ግድግዳው አሁንም እህል እህል ይሸታል። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ብቻ ነበሩበት፤ ከያዮ አካባቢ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በከብት እርባታ ያሳለፉ። እትዬ እላቸው ነበር።

«ምን አድርገሽ ነው፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ሣር ስቆጥር።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እኔ ያገሬን ባለርስት ወኪል በዘነዘና መትቼ ነው። የሱስ ቁስሉ ይድናል፤ ላንቺ ምን መድኃኒት ይገኛል?»

በሦስተኛው ቀን ጧት ወንዶቹ እስረኞች አጭደው ያመጡትን ሣር ዘበኛው በበሩ ወረወረልን። መስቀል ስለደረሰ አሮጌው ጉዝጓዝ ሊለወጥ ነው። ጤዛው ገና አልደረቀም፤ ክፍሉን ሽታው ሞላው። እትዬ ሊጎዘጉዙ ሲያነሱ በእጃቸው መሐል ወይን ጠጅ አበባ አየሁና ተንበረከክሁ።

«ተይ እንጂ፣ የምንተኛበትን ነው የምትለቅሚው።»

አልሰማኋቸውም። ለሁለት ዓመት በየጨፌው የተከተልኳቸው የማገጥ ዘመዳሞች በሬን ከፍተው መጥተውልኛል። አንደኛው ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ ጠባብ። ሁለተኛው መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ በየአንጓው ሥር የሚሰድ። ሦስተኛው አበባውን የሚይዘው ትንሹ አረንጓዴ ኩባያ ፀጉር የለበሰ። ከዚያ እጄ አንድ ነጭ አበባ ላይ አረፈ። አንገቱን ደፍቷል። ቅጠሉን ቆጠርኩ፤ አምስት።

አንድ ቅጠል አምስት ቢሆን የተፈጥሮ ስህተት ነው ይባላል። ሌላውን ቆጠርኩ። ሦስት ግንድ ነበር፤ የሦስቱም ቅጠል ሁሉ አምስት አምስት ነበር።

ስለዚህ ተክል የነገሩኝ አንድ የዳሪሙ ሽማግሌ ናቸው። «ሲያብብ ቀና ይላል፣ ሲያፈራ አፈር ያያል፤ ቅጠሉ አምስት ነው» ብለውኝ ነበር። እኔም በልማዴ፣ «ሁሉም? ቆጥረዋል?» አልኳቸው። ተቀየሙኝ። «ከብቴን የምቆጥር ሰው ቅጠል ያቅተኛል?» ከዚያ ወዲህ በፈለግሁበት ሁሉ አጣሁት። ጭሰኞቹን ያስተባበሩት፣ የሚፈለጉትም እሳቸው ነበሩ፤ ይህን አውቅ ነበር።

መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ መሳቄን ያወቅሁት እትዬ፣ «አበደች» ሲሉ ነው። ሳሳያቸው ግን አገላብጠው አዩት። «ይህን ላሜ እንኳ አላሳየችኝም» አሉ።

ቀትር ላይ መርማሪው መቶ አለቃ ወደ ግቢው አስጠራኝ። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ግንዶቹን ከመሄዴ በፊት መቀነቴ ውስጥ አጠፍኳቸው፤ እትዬ ሳልጠይቃቸው ከኋላዬ አጥብቀው አሰሩልኝ።

«ይህ የምስጢር ጽሑፍ ነው» አለ መቶ አለቃው። «የቦታ ስም፣ ቀን፣ ቁጥር። ለቅጠል ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?»

«ይፈትኑኝ» አልኩ። «ሣሩ ክፍላችን ውስጥ አለ።»

አንድ እቅፍ አስመጣ። እሱ ከደብተሩ እያነበበ እኔ ከሣሩ መሐል እያወጣሁ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። መጀመሪያ ሊያስተኝ ገጽ ይዘላል። ኋላ ፈተናው ያዘውና ኮፍያውን አውልቆ እሱም ይፈልግ ጀመር።

«ይህ ሁለተኛው ነው» አለ አንዱን አንሥቶ።

«አንጓውን ይዩት፣ ጌታዬ። ሥር የለውም። አንደኛው ነው።»

እትዬ ከክፍሉ በር ላይ ሆነው፣ «መቶ አለቃ፣ እርስዎም ከኛ ጋር ይግቡና ይማሩ» አሉ። ዘበኛው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መቶ አለቃው የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። «ዳሪሙ። ነጭ፣ ባለ አምስት ቅጠል። አልታየም፤ በቃል የተነገረ» ብሎ አነበበ። «ማነው የነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ተነገረ ብለሽ በእጅሽ ጽፈሻል።»

«ተሳስቻለሁ። እንዲህ ያለ ተክል የለም።»

የደረደርኩትን ሣር አየ፤ እኔን አየኝ። «አዋቂ መሆንሽን አይቻለሁ። አንቺ የለም ካልሽ የለም። ከሥሩ ጻፊና ፈርሚ።»

ያልቆጠርኩትን ጽፌ የማላውቅ ሰው፣ በራሴ ደብተር፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ «እንዲህ ያለ ተክል የለም» ብዬ ፈረምኩ። ሣሩ ሆዴን በመቀነቴ ውስጥ ይኮሰኩሰኝ ነበር። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሬን መልሰው ለቀቁኝ። እትዬ ሲሰናበቱኝ፣ «ሂጂ፣ እኔ በተረፈው ላይ እተኛለሁ» አሉኝ። ግንዶቹ መቀነቴ ውስጥ ደርቀው ጠፍጣፋ ሆነው ነበር፤ ደብተሬ ውስጥ ከፊርማዬ ትይዩ አኖርኳቸው። ያጨዱትን እስረኞች በኋላ ሳገኝ ጠየቅሁ። አንዱ በጎሬ መንገድ ነው አለኝ፣ ሌላው ከወንዝ ማዶ። በሁለቱም ሄድኩ፤ አላገኘሁትም። ለማንም አልተናገርኩም። ተክሉ አለ ማለት የነገረኝ ሰው አለ ማለት ነበርና።

መሬቱ ከባለርስቱ እጅ ከወጣ በኋላ፣ ጊዜው መስከረም ነበር፣ ደብተሩን ይዤ ዳሪሙ ወረድኩ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በድምፄ አወቁኝ።

«አባ፣ አየሁት» አልኳቸው፤ ከጧቱ ጉዝጓዝ እስከ ፊርማዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ፤ አንዱን ግንድ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«ስንት ነው ቅጠሉ?»

«አምስት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ አባ።»

«ቆጥረሻል?» አሉኝ።