በእኔ ኮድ የወጣው ፕላን

ባለፈው ዓመት ለሐጅ የሚሄድ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" ብሎ ለመነኝ፤ አላልኩትም። ይህን ቆቦ ውስጥ ያልሰማ የለም። ለምን እንዳላልኩት የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ዝም ብለዋል። ገበያ ስወጣ "ለአላህ ቤት የተነሳ ሰው ከደጇ የመለሰች" እያሉ ይጠቋቆሙብኛል። ይጠቋቆሙ። ነገሬን ለሰው ማስረዳት አልወድም፤ ይህንንም የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ይነገር ብዬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ማሽን ነው።

እዚሁ ከተማችን ባለ የመስኖ መሥሪያ ቤት ውስጥ በፕላን ክፍል እሠራ ነበር። የውሃ ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር፣ ቧንቧው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የማን ማሳ ውሃ እንደሚያገኝና የማን እንደሚቀር የሚያሳየው ንድፍ ሁሉ የሚቀመጠው እኛ ክፍል ነው። ማባዣው ማሽን የነበረው በእኔ ኃላፊነት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት እንደምታዩት ዓይነት አይደለም። ከአልጋ ይረዝማል፣ የሚጎርሰው ጥቅል ወረቀት ነው፤ አንድ ፕላን ሲተፋ ከወዲያና ከወዲህ ካልያዙለት መሬት ይጎተታል። በቆቦ ሙቀት እንዳይታመም ተብሎ ማራገቢያ ተገዝቶለታል። ለእሱ ነው የተገዛው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የተረፈውን ነፋስ እወስዳለሁ።

መጀመሪያ ላይ ማንም እየገባ ያባዛ ነበር። አንዱ የአማቱን ቤት ፕላን ያወጣል፣ ሌላው ለአጎቱ ማሳ የሚደርሰውን የቦይ መስመር ገልብጦ በብብቱ ሥር ይዞ ይወጣል። በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላኩ ሰዎች መጡና ማሽኑ ላይ ኮድ አስገቡበት። ከዚያ ወዲያ የራሱን ቁጥር ያልነካ ሰው ማሽኑ ፊት ተንበርክኮ ቢለምን አንድ ወረቀት አይወጣለትም። ማን በየትኛው ቀን የትኛውን ፕላን ምን ያህል እንዳባዛ ማሽኑ ራሱ ይይዛል፤ እኔ በየወሩ መጨረሻ ያንን አውጥቼ፣ ፈርሜ አስገባለሁ። ኮድ መስጠት፣ ከሥራ የለቀቀውን ሰው ኮድ መሰረዝ፣ የማይገባውን መከልከል የእኔ ሥራ ሆነ።

ተጠላሁ፤ ሌላ ምን ይጠበቃል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ወረቀት ከእናትሽ ቤት ያመጣሽው አስመሰልሽው እኮ!" ይለኛል አንዱ ቀያሽ፣ በሩን ተደግፎ።

"ከእናቴ ቤት ባመጣው ኖሮ አንተ በሩንም አትደገፍም ነበር" እለዋለሁ።

ይስቃል፣ እስቃለሁ። በዚያ ደረጃ ያለ ጥል አያስከፋኝም። ሁሉም እያጉረመረመ ቁጥሩን ወሰደ፣ ሸመደደ፣ ለመደው።

አንድ ሰው ብቻ አልወሰደም። ሥራ አስኪያጁ።

"እኔ ደግሞ እንደ ተማሪ ቁጥር ልሸምድድ?" አለኝ፣ መሐንዲሶቹ ቆመው እየሰሙ። "ያንቺ ይበቃኛል። ያንቺና የኔ ምን ለየው?"

"ጌታዬ፣ እያንዳንዱ የራሱን ነው የተባለው" አልኩት። ያኔ አንቱ ነበር የምለው።

"ጻፊልኝ" አለና እጁን ዘረጋ።

ጽፌ ሰጠሁት። ቁራጯን ወረቀት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። አሁን "ባትሰጪው ኖሮ" የሚሉኝ አሉ። ፈቃድሽን የሚፈርም፣ ዕድገትሽን የሚፈርም፣ ሲያሻው የሚያዛውርሽ ሰው በሠራተኛ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆሞ እስቲ እናንተ እምቢ በሉት! ስንፍናው መስሎኝ ነበር። ስሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይመዘገብ ሲጠነቀቅ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከዚያ የሮቢቱ ንድፍ መጣ። ሮቢት አካባቢ የሚቆፈሩት አዲሶቹ ጉድጓዶች ቦታ የተመለከተበት፣ ገና ያልጸደቀ፣ ለማንም እንዳይወጣ የተባለ። አገራችንን የሚያውቅ ለምን እንደተባለ ይገባዋል። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠብቆ ማሽላ የሚዘራ መሬት፣ ጉድጓድ ሲቆፈርለት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያበቅል መሬት ይሆናል። ያው መሬት ነው፤ ኪራዩ ግን አይገናኝም።

ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዎች ሮቢት ወርደው መሬት ለብዙ ዓመት መከራየት ጀመሩ፤ በደረቅ መሬት ዋጋ። ገበሬውን ያስገረመው አመራረጣቸው ነው። ለስላሳውን ማሳ ዘልለው ከጎኑ ያለውን ጭንጫ ይወስዳሉ። "የከተማ ሰው መሬት አያውቅ" ብሎ ሳቀባቸውና ፈረመላቸው። ስቀው ከፈረሙት አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው።

የጉድጓድ መቆፈሪያው መኪና መጥቶ የቆመው ወንድሜ ያከራየው ጭንጫ መሀል ነበር።

ገበሬዎቹ ተሰብስበው መሥሪያ ቤታችን መጡ። አንደኛው ከተከራዮቹ ዘበኛ እጅ የነጠቀውን ወረቀት ዘረጋው። የእኛ ፕላን ነው፤ ከእኛ ማሽን የወጣ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ማሽኑ የያዘው ታየ፣ ያንን ፕላን ያባዛው ኮድ የእኔ ሆኖ ተገኘ።

የተባዛበትን ቀን ሲያነቡልኝ እኮ ደስ አለኝ! ያን ቀን ጎብዬ የአክስቴ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ግማሹ ለቅሶ ሊደርሰኝ ጎብዬ ድረስ መጥቶ አብሮኝ ተቀምጧል። ከእነሱ አንዷ ኮሚቴው ውስጥ ነበረች፤ ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም።

ሰብሳቢው ማን ነው? ሥራ አስኪያጁ ነዋ።

"አንቺ ካልነበርሽ ኮድሽን ለማን ሰጠሽ?" አለኝ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ልክ እንደሚያዝንልኝ።

"ለእርስዎ" አልኩት።

"ለኔ?" ዙሪያውን ተመለከተ። "ለኔ ኮድ ምን ያደርግልኛል? እኔ ማሽን ክፍል ገብቼ ወረቀት ስጎትት ያየ ሰው አለ?"

ቁጥሩን ስጽፍለት ቆመው ሲሰሙ ከነበሩት መሐንዲሶች ሁለቱ እዚያው ተቀምጠዋል። አንዱ አሳለው። ሌላው ስልኩን አየ። የክፍሌን በር የሚደገፈው ቀያሽ ደግሞ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘኝና "እቴ፣ አትቀየሚኝ፣ ልጆች አሉኝ" አለኝ። እኔስ? እኔ ምን ነበረኝ? ስሜ ነበረኛ!

"ኮዷን በአግባቡ ባለመጠበቋ" የሚል ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ አካፋና ጓንት ወደሚታደልበት ንብረት ክፍል ተዛወርኩ። ወረቀቱ ያለው ይህን ብቻ ነው፤ ከተማው ግን የራሱን ጨመረበት። ጎርፍ ወደ ዋጃ ሳይደርስ ወሬው ዋጃ ደረሰ፦ "ፕላኑን የሸጠችው ሴትዮ"።

ወንድሜ መጣ። ወደ ቤት አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ሌላውን ሸጠሽ ቢሆን ችግር ነው ብዬ እተወው ነበር" አለኝ። "እኔን?"

"ወላሂ እኔ አይደለሁም።"

"ኮዱ የማን ነው?"

"የኔ ነው፣ ግን…"

"በቃ" አለ። ግኑን አልሰማኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቴን ረግጦ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ሰላምታውን ከጎኔ ላለው ሰጥቶ እኔን ያልፈኛል።

ማሽኑ እውነቱን ያወጣልኛል ብዬ ስጠብቅ ቆይቻለሁ። አንድ ቀን የበላይ መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ፣ እኔ ለቅሶ ላይ ሳለሁ በእኔ ኮድ ምን ሁሉ እንደወጣ አይቶ፣ ክፍሉን ማን እንዳስከፈተ ይጠይቃል ብዬ። ጦርነቱ ያንንም ወሰደው። ከተፈናቀልንበት ስንመለስ ቢሮው ተሰባብሯል፣ ማሽኑ ሆዱ ተዘርግፏል፣ ፋይሉ ተቃጥሏል። ያ ስሳሳለት የነበረው ጥቅል ወረቀት ገበያ ላይ በርበሬ ሲጠቀለልበት በዓይኔ አየሁ። ከዚያ በኋላ ወንድሜን ሊመልስልኝ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የዚያ ሰው ምላስ።

እሱ በጡረታ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ። እሱ ቤት ሠራ። በምን እንደሠራው አልጠይቅም፤ የሚጠይቀው አላህ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ነው የመጣው። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ሁለት ሽማግሌዎችና የእህቱ ልጅ፣ አንድ ሰፊ ትከሻ ያለው ነጋዴ፣ አብረውት አሉ። ፍራሽ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ውሃ አቀረብኩ። ውሃ ብቻ።

"ለሐጅ ተነስቻለሁ" አለ፣ የተሸመደደ ነገር እንደሚያነብ ሆኖ። "ሳውቅም ሳላውቅም አስቀይሜሽ እንደሆነ፣ ለአላህ ብለሽ አውፍ በይኝ።"

"የትኛውን?" አልኩት።

ከሽማግሌዎቹ ጢማሙ ፈገግ ብለው፣ "እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም እኮ፣ የኔ እህት። በደፈናው ነው" አሉኝ።

"ሸሆች፣ እኔ ላይ የተሠራው በደፈናው አይደለም። ቀን አለው፣ ክፍል አለው፣ ወንበር አለው። የሰው ሐቅ ሳይመለስ ምን ዓይነት ሐጅ ነው? እርስዎ ያስተምሩን።"

"ሐቅ ያልሽው ብር ከሆነ" አለ የእህቱ ልጅ እጁን ወደ ኪሱ እየሰደደ፣ "እኛ ዘመዶቹ…"

"እጅህን መልስ!" አልኩት። ጮኼ ነበር፤ ጎረቤት ሰምቷል። "ብር ማን ጠየቀህ? አጎትህ አንድ ነገር በአፉ እንዲናገር ነው የጠየቅኩት። ፕላኑን ማን እንዳወጣው እዚህ በእናንተ ፊት ይናገር።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የማወራውን አላወቁትም፤ እውነትም አላወቁትም ነበር፤ በእነሱ አልፈርድም። እሱ ግን መቁጠሪያውን እያሻሸ፣ "ያለፈ ነገር ነው፣ ማሽኑም የለም፣ መሥሪያ ቤቱም ያው ነው" አለ። ማሽኑም የለም! እኔ የምጠይቀው ማሽኑን ነው እንዴ?

ተነሱ። ሽማግሌዎቹና የእህቱ ልጅ ወደ መኪናው ሄዱ። እሱ ጫማውን ሲያጠልቅ ዘገየ፤ ዘግይቶ ወደ እኔ ጠጋ አለና በሹክሹክታ ተናገረ።

"አንቺ አይደለሽም። አውቃለሁ። እኔ ነኝ። አሁን አውፍ በይኝ።"

ያን ሁሉ ዘመን ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ይኸው መጣ፤ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማበት ቦታ መጣ። ከበደሉ ሁሉ ይህ ባሰብኝ።

"እኔ እንዳልሆንኩማ አውቀዋለሁ!" አልኩት። "የማውቀውን ነው እንዴ የምትነግረኝ? ተመለስና እነሱ ፊት በለው።"

"መኪናው እየጠበቀ ነው።"

"እሺ። መንገድህ በሮቢት ነው፤ ሮቢትን ሳታልፍ የትም አትደርስም። የወንድሜ ቤት አስፋልቱ ዳር ነው፤ ታውቀዋለህ፣ መሬቱን በፕላን አይተኸዋል። አሁን በጆሮዬ ያልከኝን ለእሱ በለው። መውረድ ከከበደህ በመኪናው መስኮት በለው። ከዚያ ደውልልኝ፤ በስልክ አውፍ እልሃለሁ፣ ዱዓም አደርግልሃለሁ።"

"ኢንሻአላህ" አለና ሄደ።

የጉዞው ቀን ሸኚዎቹ ጥሩምባ እየነፉ በከተማው መሀል ሲያልፉ ሰማሁ። ስልኬን አጠገቤ አስቀመጥኩ። ሮቢት ሩቅ አይደለም። አሁን ደረሱ አልኩ፤ አሁን ወርዶ እያወራው ነው አልኩ፤ ወንድሜ ነገር ቶሎ አይገባውም፣ ደጋግሞ እየጠየቀው ይሆናል አልኩ። አውፍ የምልበትን ቃል በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ አዎ፣ እኔ ክፉዋ ሴትዮ አዘጋጅቼ ነበር። የአስር ሶላት ተሰገደ። ጎብዬን እንኳ አልፈው የሄዱበት ሰዓት ሆነ።

ሲመሻሽ ስልኩ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ናት፤ ከአባቷ ተደብቃ አንዳንዴ ትደውልልኛለች።

"አክስቴ፣ ዛሬ የሐጅ መኪኖች በእኛ በኩል ሲያልፉ እንዴት ያምሩ ነበር! አባዬ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ እጁን አውለበለበላቸው። 'በሰላም ግቡ፣ ለእኛም ዱዓ አድርጉ' እያለ ሲጮህ ብታይው!"

"አልቆሙም?"

"ማ?"

"ማንም" አልኳት።

አሁን ተመልሷል። ሐጂ ይሉታል፤ ግብዣው ላይ ያልሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ አሉ። ጢማሙ ሽማግሌም እንደገና መልእክት ልከውብኛል፤ ነገሩ ደስ አላላቸውም፣ ሐጂም እንቅልፍ አጥተዋል አሉኝ። መልሴ ያው ነው። መንገዱን አሳይቼዋለሁ፤ ወንድሜ አሁንም አስፋልቱ ዳር ነው የሚኖረው።