ያልበላሁት በሶ

የአልትራሳውንዱ መሣሪያ ሹ… ሹ… እያለ የደም ድምፅ ሲያሰማ፣ ዛሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አልጋ ላይ የተጋደምኩ ይመስለኛል።

በዚያ ክረምት የታናሽ ወንድሜ የመላኩ ሆድ አብጦ፣ ጉበቱ እንደታመመ ተነግሮን ነበር። ሐኪሙ ወደ ጉበቱ የሚሄደው ደም ምን ያህል እንደቀነሰ ለማወቅ መጀመሪያ የአገሩ ጤነኛ ልጆች ልክ መታወቅ አለበት ብሎ፣ እኔም ከሌሎች ልጆች ጋር እንድታይ እናቴን ጠየቃት። እሷ እሺ አለች። የአባቴ እኅት እትየ ጥሩ ግን፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችንን የሚያዝዙት እሳቸው ነበሩና፣ «የአንዱ መታመም አንሶ ደህናይቱንም ልትሰጫቸው?» እያሉ ሲቆጡ ይውሉ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ገብሱ ሲያሸት ቀጠሮው ደረሰ። ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳልቀምስ ታዝዣለሁ። እትየ ጥሩ ግን በባዶ ሆዱ የወጣ ልጅ የሰው ዓይን ይበላዋል ብለው ስለሚያምኑ፣ ከእናቴ ተደብቀው የበሶ ጭብጦ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠሩልኝ፤ እኔም ሆዳም ነበርኩና መንገድ ላይ ጨረስኩት።

ሐኪሙ «ምንም አልቀመስሽም?» ሲለኝ መዋሸት እችል ነበር። መላኩን አሰብኩና «በሶ በልቻለሁ» አልኩ። እናቴ በኀፍረት አቀረቀረች። እሱ ግን ሳይቆጣ፣ ሰው ሲበላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ልኩ እንደሚሳሳት ነግሮን ለነገ ቀጠረን።

በማግስቱ እትየ ጥሩ በሩ ላይ ቆመው ጭብጦውን ዘረጉልኝ።

«ብይ! ካልበላሽ ከዚች ደጅ አትወጪም።»

በዚያ ቤት እሳቸውን እምቢ ያለ ሰው አላውቅም። እኔ ግን፣ «እትየ፣ እርስዎ ይብሉት። እኔ ለመላኩ ስል እራባለሁ» አልኩና በክንዳቸው ሥር ሾልኬ ወጣሁ። ቀዝቃዛው ቅባት ሆዴ ላይ ተቀብቶ የደሜ ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው የተሰማኝን ኩራት፣ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

መላኩ ሁለት ክረምት ቆይቶ አረፈ። እትየ ጥሩ አርጅተውም ባዩኝ ቁጥር «ታዲያ ምን ፈየደ?» ይሉኛል።

ዛሬ መሣሪያውን የምይዘው እኔ ነኝ። ሆዱ ያበጠ ልጅ ሲመጣ ደሙን የማስተያየው ከእነዚያ ጤነኛ ልጆች ልክ ጋር ነው፤ ስማቸው አልተጻፈም፣ አንዷ ግን እኔ ነኝ። ለመላኩ አልደረሰም፤ ለሌሎቹ እየደረሰ ነው። ጤነኛ ልጇን ለምርመራ ያመጣች እናት ነጠላ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ባየሁ ጊዜ፣ «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፤ መጀመሪያ ልጅሽ ትታይ፣ ከዚያ ትበላለች» እላታለሁ።